ሸጊቱ ዘንድ የተቀመጠው ቁጥር

ዳባት ገበያ ውስጥ ዕቃ ጠፋኝ የሚል ሰው ካለ፣ እርግጠኛ ሁኑ፣ ሸጊቱ ዘንድ ያላስቀመጠ ሰው ነው። ከገበያው ጀርባ ባለው ቤቷ ከሩቅ የመጣ ገበያተኛ ታሳድራለች፤ ያደረው ሰው ደግሞ ጆንያውን፣ ዱላውን፣ የቤት ቁልፉን፣ አንዳንዴም በጉን ትቶባት ይሄዳል። ተመልሶ ሲመጣ እንደተወው ያገኘዋል። እንደተወው ማለት እንደተወው ነው! አንድ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ጃንጥላውን ረስቶባት ሄዶ ኖሮ፣ መናኸሪያ ድረስ ልታደርስለት ብብቷ ሥር ይዛ ስትሮጥ የሐምሌ ዶፍ ወረደባት። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በስብሳ፣ ጃንጥላውን በነጠላዋ ሸፍና ደረሰች። ሰውየው ደንግጦ «ምነው እትዬ ሸጊቱ፣ ዘርግተውት አይመጡም?» ቢላት «የሰው ዕቃ ልዘርጋ እንዴ!» ብላ ጮኸችበት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጎረቤቷ ዓለምዬ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ አስቀምጣባት ልጇን ልትጠይቅ ወደ ሁመራ ወረደች። ወራት ቆይታ ስትመለስ ቅቤው ሸትቶ ውሻም አይቀምሰው ሆኗል። ሸጊቱ ግን ቅሉን ደረቷን ነፍታ ነበር የመለሰችላት። «አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም» አለች። ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ትደግማታለች። ዓለምዬ «አንጥረሽ ብታስቀምጪልኝ ምን ነበረበት?» ብትላት ጊዜ ተቀየመች፤ አንድ ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አበልጇ ይግዛው ከጃናሞራ መጣ። ይግዛው ገብስ አራሽ ገበሬ ነው፤ የሴት ልጁን የናዝራዊትን ክርስትና ያነሣች ሸጊቱ ናት። ልጅቱ አሥር ዓመት ሞልቷታል፤ ያያት ሁሉ ግን ስድስት ነው የሚላት። አንድ ወሬ ጀምራ ሳትጨርሰው ትንፋሿ ያልቃል። ከበር እስከ ምንጭ ደርሳ ስትመለስ ከንፈሯ ይጠቁራል። ጎንደር ያዩዋት ሐኪም ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ብለዋል።

«አበልጅ» አለ ይግዛው፣ ባለ ቁልፍ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፤ «ከውጭ የሚመጡ የልብ ሐኪሞች አሉ አሉኝ። ሲመጡ፣ ተራዋ ከደረሰ፣ በዚች ቁጥር ይደውላሉ። ሰው ካላነሣው ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ያልፋል። እኛ አገር ደግሞ ኔትወርክ የሚባል የለም፤ ገመገሙ ላይ ካልወጡ በቀር ስልክ ማለት ድንጋይ ነው። እርስዎ ዘንድ ትቀመጥልኝ። ካርድም ሞልቼባታለሁ።»

«ሲጮህ አነሣዋለሁ፤ አንሥቼም ሰው እልክብሃለሁ።»

«በሰማይ በምድር አደራ፣ አበልጅ። ልጄ ያለችው በዚች ቁጥር ላይ ነው።»

«ሂድ ወዲያ! ለእኔ ነው አደራ የምትለው?»

ሸጊቱ ስልኩን ክዳን በሌለው ሙዳይ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኛችው። ድምፁ እንዳያመልጣት ሩቅ መሄድ ተወች፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ስትሄድ ሙዳዩን ታቅፋ ትቀመጥ ነበር። መብራት ሲኖር እቤቷ ትሰካዋለች፤ መብራት ሲጠፋ መንገድ ዳር ካለው ከያርጋል የስልክ ጥገና ቤት ወስዳ በጄኔሬተር ታስሞላዋለች። ማንም እንዲነካው ግን አትፈቅድም። ዓለምዬ ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ «እባክሽ፣ ሁመራ ላለው ልጄ ሁለት ቃል ልናገርበት» ብትላት፣ ሸጊቱ ወይ ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ! «የይግዛው ሒሳብ ነው» አለች። «እንደሞላው ይቆየዋል።» ዓለምዬ ምራቋን እንትፍ ብላ ሄደች።

ጥቅምት አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ስልኩ ዝም። ሸጊቱ ሐኪሞቹ አልመጡም ማለት ነው እያለች ጠበቀች።

ጾሙ ገብቶ የገብር ኄር እሑድ ደረሰ። በዚያ እሑድ የሚሰበከውን ሕፃንም ያውቀዋል፤ ጌታቸው መክሊት የሰጣቸው ሦስት ባሮች፣ ሁለቱ ነግደው አተረፉ፣ ሦስተኛው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረውና እንዳለ መለሰው፣ ተቀጣም። ሸጊቱ በየዓመቱ ይህን ስትሰማ ለሦስተኛው ታዝንለታለች። የዚያን ዓመት ግን አላስቻላትም፤ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን ቄስ ተክለ ማርያምን ቅጽሩ ሥር ጠብቃ ያዘቻቸው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ያ ሰውዬ ምን አጠፋ? አልሰረቀ፣ አልበላ! የተሰጠውን አንድ ሳያጎድል መለሰ። እንዲህ ያለ ባለ አደራ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ቄስ ተክለ ማርያም ሳቁ። «ሸጊቱ፣ ጌታው እንዲሠራበት ነው እኮ የሰጠው።»

«ታዲያ ሥራበት ብሎ ይንገረዋ!»

«የአደራው ጠባይ ራሱ ይነግረዋል፤ ልብ ካለው። ዘር የሰጡት ሰው ምን ይጠብቃል?»

«እኔ ዘር ቢሰጡኝ ዘሩን ነው የምመልስ» ብላ፣ መስቀላቸውን ተሳልማ፣ እየተነጫነጨች ሄደች።

በማግሥቱ መብራት ጠፋ። ስልኩን ይዛ ያርጋል ዘንድ ሄደች። ያርጋል የዳባት ልጅ ነው፤ አፉ በእንግሊዝኛ ቃል የተሞላ፣ ልቡ ግን ደግ። ስልኩን ገመድ ላይ ሲሰካ ፊቱ ቅጭም አለ። አገላበጠው። የራሱን ስልክ አውጥቶ ደወለበት። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፤ የሸጊቱ ስልክ ግን ጭጭ ብሏል።

«እማማ፣ ላይኑ ሰርቪስ የለውም። ለመጨረሻ ጊዜ የተደወለበት መቼ ነው?»

«ማን ደውሎበት!» አለች ሸጊቱ በኩራት። «አንድ ሰው አስነክቼ አላውቅም።»

«ካርድስ?»

«ይግዛው የሞላው እንዳለ አለ። አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።»

ያርጋል በርጩማ ሳበላት። «ይቀመጡ እማማ። ሲም ካርድ እኮ ካልሠሩበት ይዘጋል። ካርድ ያልተሞላበት፣ ያልተደወለበት ቁጥር ሲቆይ መጀመሪያ ጥሪ መቀበል ያቆማል። ኋላ ደግሞ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«ለሌላ ሰው? የይግዛውን? በማን ፈቃድ? ባለቤቱ እኮ አለ፣ ጃናሞራ ነው ያለው!»

«ሲሙ ጃናሞራ መሆኑን በምን ያውቃል፣ እማማ?»

ሸጊቱ ክው አለች። መጀመሪያ የመጣባት የልጅቱ ከንፈር ነው፤ የጠቆረው። ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ሐኪሞቹ መጥተው ከሆነስ? ደውለው፣ ደውለው፣ ሰው አጥተው ወደሚቀጥለው አልፈው ከሆነስ? ለካ ያን ሁሉ ወር ሙዳይ ታቅፋ ለቅሶ ቤት የተቀመጠችው የሞተ ነገር ታቅፋ ነው!

«ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ ለካ!» ብላ ጮኸች። ያርጋል የምን ጉድጓድ እንደሆነ አልገባውም። «ያን ሰውዬ ስከራከርለት የኖርሁት ዘመዴ ሆኖ ነው ለካ! ቀባሪ! ወይኔ ሸጊቱ፣ አልበላሁም እያልሁ ልጅ ልበላ!»

«ይረጋጉ፤ ገና ለሰው አልተሰጠ ይሆናል። ካርድ እንሙላበትና እንየው። ከተነሣ ግን መደወል አለበት፤ እየቆዩ እየቆዩ፣ ሁልጊዜ።»

«ከይግዛው ሒሳብ?»

«ከዚያው ነዋ።»

እንግዲህ ይህች ሴት ጃንጥላ አቅፋ የበሰበሰች ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ከመቀነቷ ብር ፈትታ «ካርዱን አምጣው፤ እኔ ራሴ ልፋቀው» አለች።

በጥፍሯ ፋቀችው። ያርጋል ቁጥሩን አስገባ፤ አልሠራም። ደግሞ አስገባ። ሸጊቱ በሆዷ ደብሩን ሁሉ ጠራች፣ ጊዮርጊስን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን። ስልኩ እጁ ላይ ድንገት ንዝር አለ። ያርጋል «ተነሣ!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። «ቁጥሩ የይግዛው ነው፣ አልተወሰደም! በሉ ይደውሉ እማማ፣ አሁኑኑ!»

«ወደ ማን ልደውል? ማንን አውቄ?»

«ወደ እኔ!»

ጣቷን ይዞ አስደወላት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ያርጋል አነሣው። ሸጊቱ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አደራ እየበላች፣ መንገደኛው ሁሉ ዘወር እስኪል ድረስ ጮኸች፦ «ሃሎ ያርጋል! ደህና ዋልህ?»

«ፊትዎ ነኝ እኮ እማማ!»

«ዝም በል፣ ቁጥሩ ይስማ! እናትህ ደህና ናቸው? ከብቱ ደህና ነው?»

ያርጋል ከብት የለውም፤ ቢሆንም ደህና ነው አለ።

በማግሥቱ ሸጊቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ጎንደር ወረደች። የሐኪም ቤቱ ሰዎች በደግ ቃል ተቀበሏት፤ የስም ዝርዝሩ ግን ያለው ከእንግዶቹ ሐኪሞች ጋር ነው፣ የያዙትም ያንኑ ቁጥር ነው አሏት። የመጀመሪያዎቹ መጥተው ሄደዋል፤ ሌሎች ይመጡ ይሆናል። «ስልክዎን ይጠብቁ» አሏት። እሷም ተመልሳ ጠበቀች። የአሁኑ ጥበቃ ግን የድሮው አይደለም። የድሮው ኩራት ነበረበት፤ የአሁኑ ፍርሃት ብቻ። ስልኩ ሳይጮህ ቢቀር ናዝራዊትን የገደለቻት እሷ መሆኗን ታውቀዋለች።

ሥራዋን ግን አልተወችም። ቅዳሜ ቅዳሜ የዓለምዬን በር ታንኳኳለች። «ነይ ለልጅሽ ደውዪ! ብይበት እባክሽ!» ዓለምዬ መጀመሪያ አበደች ብላ ነበር፤ ነገሩን ስትሰማ ግን አቅፋት አለቀሰች፣ ኩርፊያውም በዚያው ቀረ። «አታስረዝሚው ብቻ፣ መስመሩ እንዳይያዝ» ትላታለች ሸጊቱ፣ በሩ ላይ ቆማ። ከጃናሞራ ከመጣ ገበያተኛ ደግሞ የገዱን ቁጥር አገኘች። ገዱ ከይግዛው ቀበሌ በላይ፣ ገመገሙ ላይ፣ ጅባራ በሚሏቸው ረጃጅም የደጋ ተክሎች መሀል ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ በዚያ አገር ኔትወርክ የሚነካው እዚያ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ትደውልለታለች፣ ስለ ልጅቱ ትጠይቀዋለች። «አለች፤ ግን ከመደብ አትነሣም» ይላታል ገዱ። ሸጊቱ ሐኪሞቹ ደውለው እንደሆን እንደማታውቅ አልደበቀችውም፤ ይግዛውም ሰምቷል። የላከባት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «አበልጅ አይዞዎት።» ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሰኔ ገባ። ረቡዕ ቀን፣ ሸጊቱ ደጃፏ ላይ ምስር ስትለቅም፣ ስልኩ ጮኸ።

ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ። «አቤት!» አለች።

«የናዝራዊት ይግዛው ቤተሰብ ነዎት?» የሴት ድምፅ ነው፣ ወጣት።

«የክርስትና እናቷ ነኝ!»

«እናቴ፣ በየካቲት ስንደውል ስልኩ አይሠራም ነበር፤ ተራዋ አለፋት።» ሸጊቱ ግድግዳውን ያዘች። «አሁን ሌሎች ሐኪሞች መጥተዋል፣ አንድ ሕመምተኛም ቀርቷል። ለማንኛውም እስቲ አንዴ እንሞክር ብለን ነው። ዓርብ ጠዋት ትደርሳለች? ካልደረሰች የምንሰጠው ለሌላ ነው።»

ጃናሞራ የት፣ ጎንደር የት! ሸጊቱ ግን ዓይኗን አላሸችም። «ትደርሳለች!» አለች። «ጻፊያት! ትደርሳለች ብለሽ ጻፊያት!»

ወዲያው ገዱ ዘንድ ደወለች። ጥሪው ገባ፣ ተቋረጠ፤ ደግሞ ገባ። አነሣው።

«ገዱ! ሐኪሞቹ ጠርተዋታል! ዓርብ ጠዋት ጎንደር! ሰው ስደድ!»

«ሰው ከሰደድሁ እስኪወርድ ይመሻል፣ እትዬ። ይልቅ ልጣራ።»

«ስልኩን አትዝጋው፤ ልስማው!»

«ሒሳብዎ ያልቃል።»

«ይለቅ! ጥርግ ብሎ ይለቅ!»

ገዱ ከሱቁ ሲወጣ የነፋሱ ድምፅ ስልኩን ሞላው። ከዚያ የገዱ ጉሮሮ ተከፈተ። የደጋ ሰው ገደል ለገደል ሲጣራ ሰምቶ የማያውቅ ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ቃሉ ተጎትቶ፣ ተጎትቶ፣ እስከ ማዶ ይሄዳል። «ኧረ የማዶ ሰው ሆይ! ስሙኝ ወይ!» ዝም። «ኧረ የማዶ ሰው ሆይ!» ከሩቅ አንድ ድምፅ መለሰ፤ «አቤት ወይ!» ገዱ ጮኸ፤ «የይግዛውን ልጅ ሐኪም ጠርቷታል በሉ! ዛሬውኑ ትውጣ! ጎንደር!» የማዶው ሰው ወዲያው ዘወር ብሎ ወደ ታች ተጣራ፤ ሸጊቱ ቃሉን አልለየችውም፣ ድምፁን ግን ሰማችው። ከዚያ ሌላ፣ የሴት ድምፅ፣ ከበታች። ከዚያ በታች ሌላ፣ ከነፋሱ የማይለይ። እሷ ዳባት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ፣ የናዝራዊት ስም በጃናሞራ ገደል ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ሰማችው። ዕንባዋ ወረደ፤ አላበሰችውም።

«ደረሰ» አለ ገዱ፣ ቆይቶ፣ እያለከለከ። «ከታች የይግዛው ወንድም ራሱ መለሰ። በቅሎ እየጫኑ ነው።»

ሐሙስ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቅሎዋ ሸጊቱ ደጃፍ ቆመች። ናዝራዊት በጋቢ ተጠቅልላ አባቷ ደረት ላይ ተለጥፋለች። ሸጊቱ ልጅቱን ተቀብላ አስተኛቻትና ይግዛው እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ያዛት።

«በየካቲት ደውለው ነበር» አለችው። «በእኔ ጥበቃ አለፋት። ሒሳብህን አልነካም ብዬ ቁጥርህን ገደልሁብህ።»

ይግዛው ክንዷን ሳይለቅ ቀና አደረጋት። ቂም ቢኖርበት ያን ጊዜ ይታይ ነበር። «አበልጅ» አላት፣ «የገደሉትን ያዳኑት እርስዎ አይደሉ? ትናንት ለተነሣው ስልክ ነው እግሬ የመጣ። ቁጥሯንም አልወስዳትም፤ እርስዎ ዘንድ ትሁን። ከጎንደር ሆኜ እደውልባታለሁ።»

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አባትና ልጅ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዱ። ይግዛው ሰኞ በሰው ስልክ ደወለ። «ለቀዶ ሕክምና አስገቧት» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ የለም። ሸጊቱ በደወለው ቁጥር መልሳ ብትደውል ሰውየው ከሐኪም ቤቱ ወጥቶ ሄዷል። ቄስ ተክለ ማርያም እየመጡ ጸሎት ያደርሱላታል፤ ዓለምዬ እየመጣች ጉረሺ ትላታለች። አንዱንም አልሰማችም ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሸጊቱ ጨው ልትገዛ ቆማ ሳለች መቀነቷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«አበልጅ...» አለ ይግዛው፣ ከዚያ ለቅሶ ብቻ ሆነ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲንሰቀሰቅ ሸጊቱ ሰምታ አታውቅም። አጠገቧ ካለችው የሽንኩርት ነጋዴ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች።

«ተናገር! ምን ሆነች? ተናገር አንተ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀያየር ተንኳኳ። አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። «እማማ ሸጊቱ እኔ ነኝ ናዝራዊት፣ ዛሬ ተነሥቼ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄጄ ተመለስሁ፣ ሐኪሟ ደረጃም ትወጫለሽ ብለውኛል፣ አባባ ዝም ብሎ ያለቅሳል እኔ ግን ምንም አልሆንሁም፣ ሾርባ ይሰጡናል፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ የደብረ ታቦር ናት ስሟን ልንገርዎት፣ ደግሞ በመስኮቱ ግንቡ ይታያል፣ ስመጣ ከእርስዎ ቤት እስከ ገበያው በእግሬ ነው የምሄድ...»

ሸጊቱ ልጅቱ የምታርፍበትን ቦታ ስትጠብቅ ነበር፤ ዘወትር ወሬዋ መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሯት የምትቆምበትን። ልጅቱ አልቆመችም። ስለ ግንቡ ጨርሳ ስለ አልጋው ጀመረች፣ ስለ አልጋው ጨርሳ ስለ ነርሷ።

ሸጊቱ ከጆንያው ላይ ተነሣች። ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ፣ እልል አለች። ገበያው ዘወር አለ። «ምን ተገኘ? ምን ሆነች?» አለ ሰው ሁሉ። ደግማ እልል አለች፤ ዓለምዬ ከበርበሬ ተራ ድምፁን ለይታ እየሮጠች መጣችና ተቀበለቻት፣ ያርጋል ከሱቁ ወጥቶ ያፏጭ ጀመር።

«ልጄ ትንፋሽ አላጠራትም!» ብላ ጮኸች ሸጊቱ። «ስሙ፣ እናንተ ሰዎች፣ እያወራች ነው፣ አላረፈችም!»

እህል ተራው እልል አለ፣ በግ ተራው እልል አለ። የሽንኩርት ነጋዴዋም ሚዛኗን አስቀምጣ፣ ናዝራዊት የምትባለው ማን እንደሆነች ሳታውቅ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታውን አቀለጠችው።